ከአንድ ቤት አንድ ሰው

ለእህቴ ለለይላ
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለይላዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? የጉልበትሽ እብጠት ጎደለ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው ደረጃ የምትወጪው? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? እህል ይበላልሻል? የእመቤትሽ ጠባይ ትንሽ ለዘብ አለልሽ? ልጆቿስ ደህና ናቸው? ሽንት ጨርቅ እየቀየርሽ ያሳደግሻቸው ስለሆኑ እኔም ሳላያቸው ዘመዶቼ ይመስሉኛል። ያ የጅዳ ሙቀትስ በረደላችሁ?

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማዬ ከዓይኗ በቀር ደህና ናት። ልጄ ሂሻም አንደኛ ክፍል ገብቷል፤ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ሲስቅ ትንሽዬ ሽማግሌ መስሏል። ባለቤቴ ፈሪድም አለ። «ደህና ነው» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። ወደ ታች ስትወርጂ ምክንያቱን ታገኚዋለሽ።

በስልክ እየተነጋገርን ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በኢሞ ስንደዋወል አንቺ ወጥ ቤት ቆመሽ በሹክሹክታ ታወሪያለሽ፤ እኔ ዘንድ ደግሞ እማዬ ከመጣች አጠገቤ ተቀምጣ «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። ሁለታችንም እየሳቅን «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰላም ነው» እንባባላለን፤ የልባችንን ልናወራ ስንል ኔትወርኩ ይቆረጣል። አሁን የጎረቤታችን የሸረፈዲን እህት ወደ ጅዳ ልትመለስ ነው። በሷ እጅ ከላክሁልሽ ማንም ሳይሰማን፣ ማንም ሳያቋርጠን ታነቢዋለሽ ብዬ ነው ወረቀት ያነሣሁት።

ባለፈው ወር የነገርሽኝን አልረሳሁትም። «ሙናዬ፣ ደክሞኛል። ኮንትራቴ ሲያልቅ አገሬ መግባት እፈልጋለሁ። እናንተ ፋብሪካ ቦታ አስይዢልኝ፤ ከጎንሽ ተቀምጬ እሰፋለሁ» ነበር ያልሽኝ። እኔ ደግሞ «ኢንሻአላህ» ብዬ ወዲያው ስለ ሂሻም ጥርስ አወራሁልሽ። ወሬ መቀየሬ ሳይገባሽ አይቀርም። እውነቱን ሳታውቂ እንዳትወስኚ ብዬ የፋብሪካችንን ነገር ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ክረምት ሳይገባ ነው። መጀመሪያ ኦቨርታይም ቀረ። እኛ ሞኞቹ ደስ አለን፤ «እፎይ፣ እንግዲህ በጊዜ ቤታችን እንገባለን» ተባባልን። ደመወዝ ሲመጣ ነው ኦቨርታይሙ ለካ ዘይታችንና የሂሻም የትምህርት ቤት ክፍያ እንደነበረ የገባን። ቀጥሎ ሰርቪሱ ቀረና በእግራችን እንመላለስ ጀመር። ቀጥሎ የሚሰጡን ምሳ ቀጠነ። በመጨረሻ ጨርቁ ራሱ ቀረ። ውጭ አገር ያሉት ገዢዎች ገበያው ስለቀዘቀዘባቸው ትእዛዝ ቀነሱ አሉን። በሬዲዮም ስለ ዓለም ኢኮኖሚ ብዙ ይወራል፤ ለእኔ የሚገባኝ ግን ፊት ለፊቴ ያለው ማሽን ብቻ ነው፤ ቆሟል። ሱፐርቫይዘራችን እጃችን ሥራውን እንዳይረሳ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ ታድለናለች። ጠዋት እንሰፋዋለን፣ ከሰዓት በኋላ እንተረትረዋለን፣ በማግስቱ ያንኑ መልሰን እንሰፋዋለን። ሰው ሥራ ሲበዛበት እንደሚደክመው አውቅ ነበር። ሥራ አጥቶ ተቀምጦ የሚመጣውን ድካም ግን አላውቀውም ነበር፤ ወላሂ ያኛው ይሻላል። ያኛው ሲያርፉበት ይለቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሲሰናበቱ አልጣሽ አብራ ወጣች። አልጣሽ ያቺ ከጎኔ የምትሰፋው፣ የወረኢሉዋ ልጅ ናት፤ በረመዳን «አንቺ ስትጾሚ እኔ ፊትሽ አልበላም» እያለች ምሳዋን ሽንት ቤት አጠገብ ቆማ የምትበላው። ሥራ የጀመረችው ከሁላችንም በኋላ ስለሆነ ቀድሞ የተቆረጠው የሷ ስም ነው። ዕቃዋን ሸክፋ ስትጨርስ ከቁርጥራጭ የሰፋችውን የወንበር ትራስ አንሥታ «አንቺ ወገብሽን ያምሻል፣ ይኼ ላንቺ ይሁን» አለችኝ። አቅፌያት ቆምሁ። ወደ እናቷ ዘንድ ገባች። እኔ አሁን ትራሷ ላይ ተቀምጬ ነው የምሰፋው፤ ወገቤ ደህና ነው፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። እኔና ፈሪድ የተዋወቅነው እዚያው ፋብሪካ መሆኑን ታውቂያለሽ። እሱ መቁረጫ ክፍል ጨርቅ ይቆርጣል፣ እኔ ስፌት ክፍል ላይን ላይ ያንኑ እሰፋለሁ፤ «እሱ የቆረጠውን እሷ ትገጥማለች» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ባልና ሚስት የሆንነውን ብቻ ለይተው ቢሮ አስጠሩን። ወንበሩ አልበቃንም፤ አብዛኞቻችን ግድግዳ ይዘን ቆምን። ኃላፊው ለጋ ወጣት ነው፤ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። «ጭራሽ ባዶውን የሚቀር ቤት እንዳይኖር ተብሎ የተወሰነ ነው። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ሥራው ላይ ይቆያል፣ አንዱ ይሰናበታል። ማን እንደሚቆይ እኛ አንመርጥም፤ ተመካከሩና ነገ ጠዋት ንገሩን» አለ። ከኋላ አንዲት ሴት «ታዲያ እኛው በራሳችን ላይ እንፍረድ?» አለች።

ቤት ገብተን ሂሻም ፊት ማውራቱን ስላልፈለግነው ውሃ የምንቀዳ መስለን ጓሮ በርሜሉ አጠገብ ቆምን። «አንተ ቆይ። ደመወዝህ ከእኔ ይሻላል። እኔ የሰፈር ሰው ልብስ እያጠብሁም ቢሆን አንድ ነገር አላጣም» አልሁት። ፈሪድ ዝም አለ። እሱ ዝም ካለ ተስማማ ማለት ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው የማውቀው። ነገሩ አለቀ ብዬ እራት ላቀርብ ገባሁ።

ጠዋት ተራችን ደርሶ ገና አፌን ስከፍት «ሙና ትቆያለች፤ የምወጣው እኔ ነኝ» አለ። «ኧረ እንዲህ አልተባባልንም!» ብል ኃላፊው ጽፎ ጨርሷል። ከፋብሪካው በር እስከ አስፋልቱ ድረስ እየጮህሁበት ሄድሁ፤ ሰው እንኳ አላፈርሁም። እሱ ቆም አለና «ስሚኝ። ከእንግዲህ የሚመጣው ጨርቅ አዲስ አበባ ተቆርጦ ነው አሉ። እኔ ብቆይ መቁረጫ ክፍሉ ሲዘጋ ሁለታችንም ሜዳ ላይ ነን። ያንቺ ላይን ግን ትንሽ ይከርማል» አለኝ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ትክክል በመሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ፤ የምከራከርበት አሳጣኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ቤት ሲሄድ እኔ ተመልሼ ገብቼ ያንን ቁርጥራጭ መስፋት ጀመርሁ።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ቀን እየሳቀ ገባ። «ደሴ ፒያሳ ሐጂ አብዱልወሀብ የሚባሉ የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ሱቃቸው ውስጥ ቀጠሩኝ» አለ። ሱጁድ ወረድሁ። ጠዋት የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በሚኒባስ ወደ ደሴ ይወጣል፣ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። አንዳንድ ቀን ብር ይዞ ይገባል፤ አንዳንድ ቀን «ሐጂ ዛሬ አልተመቻቸውም» ይላል። ሸሚዙ እንደወጣ ንጹሕ ሆኖ ይመለሳል። ግራ ያጋባኝ ሲሰግድ ለሩኩዕ ጎንበስ ባለ ቁጥር ማቃሰቱ ነው፤ መዳፉም ተሰነጣጥቋል። ስጠይቀው «የደሴ ብርድ ነው» አለኝ። የደሴን ብርድ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ አመንሁት።

በጥቅምት እማዬን ከደጋን አምጥቼ ለዓይኗ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኋት። ሐኪሙ «ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፤ ወረፋ ጠብቁ» አለን። ስንወጣ «እስቲ ልጄ የሚሠራበትን ቦታ ልየው። እንጀራ ለሰጡት ሰውዬም ዱዓ ላድርግላቸው» አለች። እኔም ደስ ብሎኝ በባጃጅ ፒያሳ ወረድን። ሐጂ አብዱልወሀብ ሱቃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ደርባባ ሰው ናቸው። «እርስዎ ዘንድ የሚሠራው ፈሪድ ባለቤቴ ነው» አልኋቸው። አየት አደረጉኝና «ልጄ፣ እኔ ዘንድ ፈሪድ የሚባል ሠራተኛ የለም። ቆይ፣ ያ ቀጭኑ፣ የኮምቦልቻው? እሱማ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ሲመጣ ያወርዳል። ጨዋ ልጅ ነው። ደህና ልብሱን ብቻ እኔ ዘንድ ያስቀምጣል» አሉኝ። በእጃቸው ወዳመለከቱት ስዞር ጠዋት የተኮስሁት ሸሚዝ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

መንገዱ ማዶ መኪና ቆሟል። ከሚያወርዱት ሰዎች የቱ ባሌ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ሁሉም ነጭ ናቸው፤ ፀጉራቸውም፣ ቅንድባቸውም፣ ከንፈራቸውም። አፋቸውን የሸፈኑበት ጨርቅ እንኳ የለም። ዓይኗ በሞራ የተጋረደው እማዬ ናት «ያ በግራ ትከሻው የተሸከመው ነው፤ አረማመዱ ነው» ያለችኝ። ልጠራው ስል ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ተይው። እዚህ ድረስ ወጥቶ የደበቀውን መንገድ ላይ አታጋልጪው። ሲችል ራሱ ይንገርሽ» አለችኝ። ሐጂ ነገሩ ገባቸው፤ በጓሮ በር አሳልፈው አስወጡን። ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ሲወርድ እማዬ እጄን ይዛ በሹክሹክታ ዱዓ ታደርግ ነበር።

ያየሁትን ለመናገር ግን ድፍረት አጣሁ። ሱፐርቫይዘሯን አስፈቅጄ ከዚያ ቁርጥራጭ ጥቂት ወሰድሁና ደርቤ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ሰፋሁለት፤ ጠዋት ሳልነግረው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። አመሻሽ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ጨርቁን ከኪሱ አወጣው። ነጭ ሆኗል። «ሙና፣ መቼ አየሽኝ?» አለኝ። «እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት ያየችህ» አልሁት። ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «አንቺ ማሽን ላይ ነሽ። ልብሽ እኔ ዘንድ ከሆነ መርፌው ጣትሽን ይበሳዋል ብዬ ነው የዋሸሁሽ» አለኝ። ያን ጊዜ እኔም እንደምንሰፋና መልሰን እንደምንተረትር ነገርሁት። እሱ ከወጣ ወዲህ ጨርቅ የመጣ አስመስዬ ነበር የማወራለት። ለካ ሁለታችንም ሥራ ያለን እየመሰልን ነው ጠዋት ጠዋት ስንሰነባበት የከረምነው።

ከተነጋገርን ወዲህ ቤታችን ትንሽ ቀለል ብሎታል፤ ኑሮው ግን አልቀለለም። ከዚህ ወር ጀምሮ ፋብሪካው «አንድ ሳምንት ግቡ፣ አንድ ሳምንት ቤት ሆናችሁ ጠብቁ» ብሎናል፤ ደመወዙም ግማሽ ሆኗል። ይህን የምጽፍልሽ ቤት ጠብቂ በተባልሁበት ሳምንት ነው። ፈሪድም ወደ ፒያሳ መውጣቱን አልተወም፤ የሕንፃው ሥራም ቀዝቅዞ መኪናው የማይመጣበት ቀን በዝቷል። ባልመጣ ቀን የመመለሻውን የሚኒባስ ሒሳብ ሐጂ ይሰጡታል፤ እሱም ተሸማቆ ይቀበላል። ጤፍ ካቆምን ሰነበትን፤ ከደጋን የሚመጣው ማሽላ ነው የያዘን። አከራያችን ከጥር ጀምሮ ኪራይ እጨምራለሁ ብለዋል። እህቴ፣ ደክሞኛል። ከሰገድሁ በኋላ እጄን ዘርግቼ የቱን አስቀድሜ እንደምለምን ይጠፋኛል፤ ዝም ብዬ «ያ ረቢ፣ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ እነሣለሁ።

እንግዲህ ያልሽኝ ነገር ላይ እውነቱ ይህ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ ቦታ የለም። የእኔም ወንበር ቢሆን እስከ መቼ የእኔ እንደሆነ አላውቅም። ሌላም አልደብቅሽም። ይህን ወረቀት ስጀምር «ትንሽ ታገሺ፣ አንድ ኮንትራት ጨምሪና ነይ» ብዬ ልጽፍልሽ አስቤ ነበር። በየወሩ የምትልኪው ነው ዛሬ ሁላችንንም ቀጥ አድርጎ የያዘን። ፈሪድን «እንዲህ ብላት ምን ይመስልሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሽንኩርት እየላጠ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠ። «እኔ ትከሻዬ ሲደክም ሲሚንቶውን አወርደዋለሁ። እሷ እኛን ተሸክማ ስንት ዓመቷ ነው? አንድ ቀን አውርዳን ታውቃለች?» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያንን ቃል ልጽፈው አልቻልሁም።

ባለፈው እሑድ ደጋን ወርደን ነበር። ማሽላው እየታጨደ ነው፤ ዘንድሮ ደህና ይዟል። ለእኩል አራሽ የሰጠነውን መሬት ከመጪው ክረምት ጀምሮ ፈሪድ ራሱ ሊያርሰው ከእማዬ ጋር ተነጋገሩ። በሬ ጠምዶ እንደማያውቅ ሲነግራት «ያን ሁሉ ጨርቅ ቀጥ አድርጎ የቆረጠ እጅ ትልም ያጣምማል?» አለችው። እስካሁን ስንስቅ የሰነበትነው በዚህ ብቻ ነው።

ያን ዕለት የጠየቅሽኝንም ለእማዬ ነገርኋት። እንዳትጨነቅ ብዬ ደብቄያት ነበር፤ እሷ ግን ከድምፅሽ ቀድማ አውቃዋለች። እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ «ሥራ የለም ብለሽ ጻፊላት፤ እውነት ነው። ሥራ ስለሌለ አትምጪ ብለሽ ግን እንዳትጽፊ። እኔ የወለድኋት ለሥራ ነው እንዴ? ይህን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው እሷ፣ ወለሉን ያስለሰነችው እሷ። የገዛ ቤቷ ለመግባት ማንን ነው የምታስፈቅደው?» አለች። ቃል በቃል ነው የጻፍሁልሽ፤ እኔ የጨመርሁት የለም።

ስለዚህ ለይላዬ፣ ገላሽ እምቢ ካለሽ ነይ። ሥራ ይዤ አልጠብቅሽም፤ እንደምንቸገርም አልዋሽሽም። ምናልባት ከመጣሽ በኋላ አንድ ቀን ተናደሽ «ለምን አልከለከልሽኝም?» ትዪኝ ይሆናል፤ እሱንም እሰማዋለሁ። መቆየት ከመረጥሽም ለራስሽ ብለሽ ቆዪ፣ ለእኛ ብለሽ አትቆዪ። በዚህ ወር መላኩን ተዪና ጉልበትሽን ሐኪም አሳዪበት። ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምልሽ፣ ፈሪድም በአላህ ስም ለምኖሻል በይልኝ ብሏል።

እማዬ ሁለቱን ጉንጮችሽን ትስማለች፤ በየሶላቱ ስምሽን ሳትጠራ አትነሣም። ፈሪድ እጅ ይነሳሻል፤ አሁን ደሴ ነው፣ መኪናው መጥቶለት ከሆነ አላውቅም። አልጣሽ ስትደውል ሁልጊዜ «ያቺ የጅዳዋ እህትሽስ?» ትላለች፤ ሰላም ብላሻለች። ሸረፈዲንና ቤተሰቡ ሰላምታ ያቀርባሉ። እዚያ ያሉትን የደጋን ልጆች፣ ዓርብ ዓርብ የምታገኚያቸውን ሁሉ፣ በእኔ ስም ሰላም በይልኝ። ያሳደግሻቸውን ልጆችም ሳሚልኝ። ሂሻም ወረቀቱን ሲያየው ካልጻፍሁ ብሎ ስሙን ከታች ጽፏል፤ «ሻ»ን የገለበጣት እሱ ነው። አክስቴ ስትመጣ የት ነው የምትተኛው ብሎ ጠየቀኝ። እስክመልስለት አልጠበቀም፤ ፍራሹን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ ቦታ ለቀቀልሽ።

እህትሽ ሙና
ኮምቦልቻ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.